እስፓንኛ የተማርኩበት የለቅሶ ቤት

ከተመለስኩ ወዲህ ሶዶ ገበያ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «እዚያ ምን በላህ?» ስለ ባቡሩ፣ ስለ ባሕሩ፣ ጣሪያውን ለማየት አንገት ስለሚያደክመው ቤተ ክርስቲያን የሚጠይቀኝ የለም። እውነቱን ለመናገር ወገኖቼ ትክክል ናቸው። የሰው አገር የሚታወቀው በበሉት ምግብና ባበላ ሰው ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እስፓንያን በዓይናቸው ለማያዩት ለወላይታ ሰዎች ነው፤ ምግቡንም አልደብቅም፣ ሌላውንም አልደብቅም።

የሄድኩበት ጉዳይ እንዲህ ነው። ሁምቦ ቆላ ላይ ሕዝቡ በዳጎ፣ ማለትም ተራ በተራ ተያይዘን በምንሠራበት የደቦ ሥርዓታችን፣ አንድ ክሊኒክ ሠርቶ ነበር። እንጨቱን ከደጋ በትከሻው አወረደ፣ ጭቃውን በእግሩ ረገጠ፣ ቆርቆሮውን ከሶዶ በአህያ ጫነ። ማንም አላዘዘው፣ ማንም አልከፈለው። ቤቱ አለቀ፤ የሚያክም ሰው ግን አልተገኘም። ወባ የጣለውም፣ ምጥ የጠናባትም እንደ ድሮው በቃሬዛ ወደ ሶዶ አቀበቱን ይወጣሉ። የወንድሜ ሚስት አማረች በዚያ አቀበት ላይ፣ ሶዶ ከፊት ለፊታችን እየታየች፣ ልጇን በሆዷ እንደያዘች አረፈች። ከተሸካሚዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ።

በኋላ እስፓንያ ያለ አንድ የደናግል ማኅበር ሦስት እኅቶች ሊልክልን ፈቀደ። ከሦስቱ አንዷ አዋላጅ ናት። ግን በሽተኛው የሚለውን ለእኅቶቹ፣ እነሱ የሚሉትንም ለበሽተኛው የሚያደርስ፣ ወላይትኛም እስፓንኛም የሚያውቅ ሰው ይኑር አሉ። በሚሲዮናችን ጣልያንኛ የሚያውቅ አለ፣ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ አለ፤ እስፓንኛ የሚያውቅ ግን ለመድኃኒት የለም። አለቃችን እኛን የዘርዓ ክህነት ተማሪዎቹን ሰብስበው አንድ በአንድ ካዩን በኋላ «ጴጥሮስ፣ አንተ ላቲን ላይ አፍህ ፈጣን ነው» አሉኝ። «ክረምቱን ሄደህ ከሕዝቡ መካከል ኑር። ስትጨርስ በማኅበሩ ጉባኤ ፊት ቆመህ ትናገራለህ። ካልቻልክ እኅቶቹ ወደ ሌላ አገር ይሄዳሉ።» አንድ ክረምት! እኔ አማርኛን እንኳ ስንት ዓመት ተገርፌ ነው የተማርኩት።

ሰኞ ጠዋት ከሶዶ ስነሣ ዳሞታ ተራራ ደመናውን እስከ ወገቡ ተከናንቦ ነበር። የተሳፈርኩት በርበሬ በጫነ የጭነት መኪና፣ ከሹፌሩ ጋር ጋቢና ውስጥ ነው። በመካከላችን የተቀመጡት አቶ ከድር፣ የስልጤ ሰው፣ ሶዶ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ። ብላቴ ወንዝን አልፈን ብዙም ሳንርቅ መኪናው ጭቃ ውስጥ እስከ ሆዱ ገባ። እኔ ለጉዞው የተሰፋልኝን አዲስ ጥቁር ቀሚስ ነበር የለበስኩት፤ እሱኑ ለብሼ ስገፋ ጎማው የጭቃውን መዓት ፊቴ ላይ ረጨው። አቶ ከድር ከጭነታቸው ንጹሕ አቡጀዲ ቀድደው ፊቴን ጠረጉኝ። «የነጮቹን ቋንቋ ከተማርክ በኋላ እዚያው እንዳትቀር» አሉኝ። «ይህን ጭቃ ትቼ የት እቀራለሁ?» አልኳቸው፤ ሹፌሩ ሳይቀር ሳቀ። አዲስ አበባ የደረስነው በማግስቱ ነው።

አዲስ አበባ ፓስፖርቴን ተቀብዬ ረቡዕ በአውሮፕላን ወደ ሮማ፣ ከዚያም በባቡር ወደ እስፓንያ ተጓዝኩ። ስለ አውሮፕላኑ የምለው ብዙ የለኝም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ስለጸለይኩ ምንም አላየሁም። በባቡሩ ግን ባሕሩን እያየሁ ሄድኩ። አባያ ሐይቅን ላየ ሰው ባሕር የሚለየው በመጠኑ ብቻ ነው፤ አዞ እንኳ የለውም።

ድንበር ላይ አንድ ባለ ቆብ ፈታሽ ሻንጣዬን ከፈተ። እናቴ ዳጣ፣ ያን በሚጥሚጣና በቅመም የሚፈጨውን የኛን ማባያ፣ በጠርሙስ አድርጋ በጨርቅ ጠቅልላልኝ ነበር። ሰውየው ጠርሙሱን አሸተተ፣ ጠረጠረ፣ ጣቱን ነክሮ ቀመሰ። ወዲያው ዓይኑ ፈሰሰ፣ ቆቡን አወለቀ፣ ግድግዳውን ተደገፈ። ባልደረቦቹ ተሰበሰቡ። እኔ የምታሰር መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ውኃ ከጠጣ በኋላ ጠርሙሱን እንደ ታቦት በሁለት እጁ መለሰልኝና ፓስፖርቴ ላይ ያለውን አንበሳ አየት አድርጎ ማኅተሙን መታ። እናቴ ይህን ስነግራት ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች፤ «የእኔ ዳጣ የውጭ አገር ወታደር ጣለ» ትላለች። ወታደር አይደለም ብላትም አትሰማኝም።

ቅዳሜ ማታ ከደረቅ አምባ ሥር ያለች አንዲት የገጠር ከተማ ደረስኩ። የማኅበሩ ዋና ገዳም ያለበት ከተማ በአውቶቡስ ትንሽ ራቅ ይላል፤ ብዙዎቹ እኅቶች ግን የዚህች መንደር ልጆች ናቸው። ቆሞሱ ዶን ሉካስ፣ ወፍራም፣ ሳቂታ ቄስ፣ ተቀብለው ወደማርፍበት ቤት ወሰዱኝ። ባለቤቶቹ ገበሬው ቶማስና ሚስቱ ሴኞራ ፒላር ናቸው። ፒላር ስታየኝ መጀመሪያ ያደረገችው ጉንጬን መቆንጠጥ ነው። «ከሳ!» አለች፤ ይህች ቃል የትም አገር አንድ ናት። እኔንም ጴጥሮስ ማለት ቢያቅታቸው ፔድሮ አሉኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምሳ ቀረበ። ቅዳሴው በላቲን ስለሆነ አገሬ የገባሁ ያህል ተሰምቶኝ ነበር፤ ምሳው ላይ ግን መንገዱ ጠፋብኝ። ከጣሪያቸው ላይ እንደ ቋንጣ የተንጠለጠለ ትልቅ ታፋ አለ። ፒላር በስሱ በስሱ እየቆረጠች ታጎርሰኛለች፣ ጣፋጭ ነው፣ እበላለሁ። የአሳማ መሆኑን ያወቅሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ሁለት ምሳና ሁለት እራት አልፎ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ብንገፈገፍ ምን ዋጋ አለው ብዬ ተውኩት። አንድ ማታ ቶማስ «እናንተ አገር ሥጋ በጥሬው ይበላል የሚሉት እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ፊቱ ላይ ሐዘኔታ ነበረበት። ንዴት መጣብኝ። ወደ ጣሪያው ጠቁሜ «ይህ የበሰለው በምን እሳት ነው?» አልኩት። ቶማስ ቀና ብሎ ታፋውን አየ። «በጨውና በነፋስ» አለ ቀስ ብሎ። «የኛ ደግሞ በዳጣ ነው» አልኩትና ጠርሙሱን አመጣሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጥሬ ሥጋ አልተነሣም። ዳጣው ግን በሳምንቱ አለቀ።

እንሰትን ማስረዳት ነው ያቃተኝ። ሙዝ ይመስላል፣ ሙዝ ግን አያፈራም፣ የምንበላው ግንዱን ነው፣ ፍቀን መሬት ውስጥ ቀብረን ካቆየነው በኋላ ነው አልኳቸው። ፒላር በሐዘን እያየችኝ ተጨማሪ ሽንብራ ጨመረችልኝ።

ወሩ የመከር ነበር። ቀን ቀን ከቶማስ ጋር አውድማ እወርዳለሁ። እኛ ጤፉን በበሬ እናስረግጣለን፤ እነሱ ከሥሩ የባልጩት ስለት የተሰካበት ሳንቃ በበቅሎ ያስጎትታሉ፣ ሰው ላዩ ላይ ቆሞ እየዞረ ነው። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ፣ በሦስተኛው ተካንኩት። ቋንቋውን ግን አልተካንኩትም። የላቲኑን ጅራት እየቆረጥኩ እናገራለሁ፣ እነሱም ያከብሩኛል፣ ግን ይስቃሉ። «ፔድሮ፣ ውኃ ስጠኝ ስትል እንኳ የምትቀድስ ይመስለኛል» አለኝ ቶማስ። እነሱ እርስ በርስ ሲያወሩ ደግሞ እንደ ክረምት ጎርፍ ነው፤ ድምፁን ትሰማለህ፣ አንዲት ጠጠር አትለይም። ቀኑ ሲሄድ ፍርሃት ያዘኝ። ጉባኤው ፊት ቆሜ ስንተባተብ፣ ሁምቦ ላይ ያ ቤት ተዘግቶ ሲቀር ይታየኝ ጀመር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አውድማው ላይ ሳለን ደወል ተደወለ። ቶማስ ባርኔጣውን አወለቀ። ማኑኤል የሚባል ታሞ የቆየ ገበሬ ማረፉን ነገረኝ። በማግስቱ ሲቀበር ሄድኩ፤ ሕዝቡ ሁሉ መጣ፣ ሥርዓቱ ያምራል። በዚህ አንተማማም፣ እነሱም ሙታናቸውን ያከብራሉ አልኩ በልቤ።

ሐሙስ ጠዋት ብርድ ልብሴን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ ከፒላር ወጥ ቤት አንድ ድስት ሽንብራ ይዤ ወደ ሟቹ ቤት ሄድኩ። ለቅሶ ልቀመጥ ነዋ! መንገዱ ጭር ብሏል። ግቢው ውስጥ ምንጣፍ የለ፣ አግዳሚ የለ፣ አንድ ሰው የለ። መስኮቱ ተዘግቷል። ቤት የተሳሳትኩ መስሎኝ ተመልሼ አየሁ፤ ራሱ ነው። መቼም ድስት ተሸክሞ መመለስ ነውር ነውና ደጃፉ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

አንዲት ጎረቤት ስታልፍ ቆም ብላ አየችኝና ሮጠች። ወዲያው ፒላር ዱቄት የነካው እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከተፍ አለች።

«ፔድሮ! ምን አደረግሁህ? ምግብ አጎደልኩብህ? ሰዉ አባረረችው እያለ ነው!»

«ሐዘን ነው፣ እቀመጣለሁ» አልኳት በዚያ በቅዳሴ እስፓንኛዬ።

«ትናንት ተቀበረ እኮ! አለቀ! ሰው ማታ ማታ ለጸሎት ይመጣል፤ አሁን ሁሉም መከር ላይ ነው።»

«እኛ አገር ለቅሶ የሚጀመረው ከተቀበረ በኋላ ነው» አልኩ። መከርም ቢሆን! ጎረቤቱ ሐዘን ተቀምጦ እያለ እህል የሚያበራይ ሰው ወላይታ ውስጥ ማን ያገባዋል? ማንስ ይቀብረዋል?

በዚህ መካከል በሩ ተከፈተ። ሴኞራ ሆሴፋ፣ የሟቹ ሚስት፣ ጥቁር በጥቁር የለበሱ ትንሽ ሴት ናቸው። ብርድ ልብሱን አዩ፣ ድስቱን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ግባ፣ ፀሐዩ ይመታሃል» አሉ።

ገባሁ። እንደ አገሬ ሥርዓት ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ሐዘንተኛን ወሬ አይጠይቁትም፤ ካወራ ይሰሙታል፣ ዝም ካለ አብረውት ዝም ይላሉ። እኩለ ቀን ሲሆን ሽንብራውን አቀረብኩና «እኛ አገር ሐዘንተኛ ካልተለመነ አይበላም። እኔ ደግሞ የመጣሁት ልለምንዎ ነው» አልኳቸው። «ከሞተ ወዲህ አልቀመስኩም» አሉና አንድ ማንኪያ አነሡ። ከሁለተኛው ማንኪያ በኋላ ማልቀስ፣ ከዚያ መናገር ጀመሩ።

አርብም ሄድኩ፣ ቅዳሜም ሄድኩ፣ ከዚያም በኋላ አልቀረሁም። ፒላርም ለምዳ ድስቱን ራሷ ትሞላልኝ ጀመር። ሴኞራ ሆሴፋ የሚናገሩት ቀስ ብለው ነው፤ አንዱን ነገር ደግመው ደጋግመው ነው። ማኑኤል ከበቅሎው ጋር እንዴት ይጣላ እንደነበር፣ ትኩሳቱ እንዴት እንደጀመረው፣ ላቡን እንዴት እንደጠረጉለት፣ የት የት እንደሚወጋው፣ መረቁ ሲያቅተው። ሦስት ልጆች ወልደው ሁለቱ እንዴት በእጃቸው ላይ እንደሞቱ፣ ምጡ እንዴት እንደነበር። የሐኪም ቤት ቃል በሙሉ ከእሳቸው አፍ ሰማሁ። መጀመሪያ ግማሹ ገባኝ፣ ከዚያ ሦስት እጁ፤ አንድ ቀን እያወሩ እኔም አብሬ ሳለቅስ ሁሉም እንደገባኝ አወቅሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ዶን ሉካስ ጠሩኝ። ሳቃቸው ጠፍቷል።

«ፔድሮ፣ የሆሴፋ ልጅ ማን እንደሆነች ታውቃለህ? እኅት ኢነስ ናት፤ ለአገራችሁ የተመረጠችው አዋላጅ።»

ሴኞራ ሆሴፋ ልጃቸው ገዳም መግባቷን ነግረውኛል፤ ይህን ግን አላወቅሁም። ቀብሩም ላይ ከደናግሉ መካከል አልለየኋትም።

«አሁን አባቷ ሞተ፤ ለእናቷ አንድ ናት» አሉ ዶን ሉካስ። «እመምኔቷ እናትየው በገዛ አፏ ካልፈቀደች አልልካትም ብላለች። ያለ አዋላጅ ደግሞ ሁለቱ ብቻቸውን አይሄዱም። አንተን ትሰማለች። ጠይቃት።»

«አልችልም፣ አባቴ።»

«ለምን? ለዚህ አይደል የመጣኸው?»

«ለቅሶ ቤት ጉዳይ አይነሣም። ለቅሶ ሊቀመጥ ገብቶ የሚለምን ሰው እኛ አገር ከሌባ አይሻልም።»

ዶን ሉካስ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። እኔ ያን ቀን መንገድ ለመንገድ ስዞር ዋልኩ። አማረች ቃሬዛው ላይ ሆና «ደረስን ወይ?» ስትለኝ ይሰማኛል። አንዲት ቃል ብናገር ምናለበት? ማን ያየኛል? ወላይታ ሩቅ ነው። ግን ወላይታ እኔ ከሆንኩ የት ይርቃል? በማግስቱ ድስቴን ይዤ ሄድኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ዝም አልኩ።

እንዲያ ስንቀመጥ ሰነበትን። አንድ ከሰዓት በኋላ ሴኞራ ሆሴፋ የሚሠሩትን ሹራብ አስቀመጡ።

«እዚህ የሚመጣው ሁሉ የሚፈልገው አለው። አንዱ መሬቱን፣ አንዱ በቅሎዋን። አንተ ምንድን ነው የምትፈልገው?»

«እኛ አገር በሐዘን ቤት ጉዳይ አይነሣም።»

«መቼ ነው የሚነሣው?»

«ሐዘንተኛው ከቤት ሲወጣ።»

«እኛ አገር መበለት ዓመት ሙሉ አትወጣም» አሉ።

አቀረቀርኩ። እሳቸው ፈገግ አሉ፤ ከተዋወቅን የመጀመሪያው ነው።

«ኢነስ ጽፋልኛለች። የመጣህበትን ካወቅሁ ቆየሁ። መቼ እንደምትናገር ስጠብቅህ ነበር።» ከዚያ ጠየቁኝ። «እዚያ ብትታመም ከጎኗ የሚቀመጥ ሰው አለ?»

ስጠየቅ መመለስ ነውር አይደለም። «መልካም መንገድ የለንም፣ መብራት የለንም» አልኳቸው። «ሰው ግን ሁሉም እንደኔ ነው፤ ይቀመጣል።»

ሹራባቸውን መልሰው አነሡ።

የጉባኤው ቀን ደረሰ። ረጅም ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን ባለ ነጭ ቆብ እኅቶች። ስለ ሁምቦ ተናገርኩ፤ ስለ ወባው፣ ስለ አቀበቱ፣ ስለ አማረች፣ ቤቱን በትከሻው ስለሠራው ሕዝብ። አልተንተባተብኩም። ስጨርስ እመምኔቷ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንዲህ ያለውን እስፓንኛ ከአያቴ ሞት ወዲህ አልሰማሁትም፤ የመንደር ባልቴት ቋንቋ ነው» አሉ። እንደዚያ ቀን በራሴ የኮራሁበት ቀን የለም። ወዲያው ግን ፊታቸው ጠቆረና «ስለ እኅት ኢነስ ግን...» ብለው ጀመሩ።

በሩ ተንኳኳ። ሴኞራ ሆሴፋ ናቸው፣ ከኋላቸው ቶማስ ባርኔጣውን ይዞ። ዓመቱን ሳይጠብቁ፣ ሰው ምን ይለኛል ሳይሉ፣ በአውቶቡስ መጥተዋል። ግድግዳው ጥግ የቆመችው ኢነስ እናቷን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች።

«ልጄን የምትልኳት ወደማላውቀው ሕዝብ አይደለም» አሉ ሴኞራ ሆሴፋ። «ይህ ልጅ ማንነቴን ሳያውቅ ደጄ ላይ ተቀምጧል። ትሂድ።» ከዚያ ወደ ኢነስ ዞረው «ወንድሜ በይው» አሏት።

እኔ ቀድሜ በመስከረም ተመለስኩ። ሦስቱ እኅቶች ዝናሙ ሲያቆም መጡ። ከሶዶ ወደ ሁምቦ ስንወርድ ሕዝቡ ዱቡሻው ላይ፣ መሰብሰቢያው ሜዳ ላይ፣ ከበሮ እየመታ ጠበቀን። ሰንጋ ታስሯል፣ ወጣቶቹ ይጨፍራሉ። የአገር ሽማግሌው አቶ አንጁሎ፣ ክሊኒኩን ከሕዝቡ ጋር የሠሩት፣ እንዳስተዋውቅ ጠየቁኝ። ሁለቱን ተናገርኩ። ኢነስ ላይ ስደርስ በወላይትኛ እንዲህ አልኩ፤ «ይህች አዋላጇ ናት። የማኑኤልና የሆሴፋ ልጅ ናት። አባቷ በዚህ ክረምት ሞተ። እናቷ ብቻዋን ቀርታ ለእናንተ ሰጠቻት።»

አቶ አንጁሎ እጃቸውን አነሡ። ከበሮው ቆመ።

«አባቷ የሞተባትን ልጅ ነው እንዴ በጭፈራ የምንቀበላት?» አሉ። «ማን ደረሰላት? እኛ ለቅሶዋን መቼ ተቀመጥን?»

ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት ላይ ተቀመጡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቀዘቁ። ሚስቱ አማረች በአቀበቱ ላይ የቀረችበት ወንድሜ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ከኢነስ እግር አጠገብ ተቀመጠ፣ ከዚያ ሜዳው ሙሉ ተቀመጠ። አንዲት አሮጊት ለቅሶውን አነሡት፣ ሌሎቹ ተቀበሏቸው።

ኢነስ ግራ ገብቷት ክንዴን ያዘችኝ።

«ማን ሞቶባቸው ነው?» አለችኝ።

«አባትሽ» አልኳት።